«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከሰው ጋር ማንበብ፦ የቅዳሜው ክበብ ስንት ኮከብ ይገባዋል?

ቶሎ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰበው የንባብ ክበብ ገንዘቡም ጊዜውም የማይቆጭ ነው። አምስት ኮከብ ግን አልሰጠውም። አራት ይበቃዋል። የካፌውን ስም የማልጽፈው የምወቅሰው ነገር ስላለኝ ነው። ልጆቹ ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ገበያቸውን መዝጋት አልፈልግም። ሰፈሩን የሚያውቅ ጠይቆ አያጣውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በወር 500 ብር በቴሌብር ትከፍላላችሁ። እዚያ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ትኩስ ነገር አለ፤ ማኪያቶ ወይ ሻይ። መጽሐፉን ራሳችሁ ትገዛላችሁ። ላልቻለ ሰው የሚያውሱት ጥቂት ቅጂ አላቸው፤ ይሄ ያስመሰግናቸዋል። ዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል ይላሉ። ዘጠኝ ተኩል ብላችሁ ያዙት። በአንድ ዙር አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው የሚነበበው። እኔ የገባሁበት ዙር የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር።

«እሱንማ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ምኑ ነው ከባዱ?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የማያውቅ አበሻ ማግኘት ይከብዳል። ታላላቆቻችን በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምተውታል። የኛ ትውልድ ደግሞ ያንኑ ትረካ ስልኩ ላይ ይዞ ይዞራል። በዚያ ላይ የቴዲ አፍሮ «ማር እስከ ጧፍ» መጣ። ፍቅረኞቹን እናውቃለን። መጨረሻው መቃብር መሆኑን ሽፋኑ ራሱ ይነግረናል። ገልጦ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሲፈለግ ግን ሰው ይጠፋል። ከክበባችን አባላት ብዙዎቹ መጽሐፉ ቤታቸው አለ። አቧራውን የሚጠርግለት እንጂ የሚገልጠው የለም።

ሰው የት ጋ እንደሚያቆም አሁን አውቄዋለሁ። ማንኩሳ ላይ ነው። የፍቅር ታሪክ ብላችሁ ትጀምራላችሁ፤ የምታገኙት ግን ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሁለት ሰዎች እንዴት ለትዳር እንደበቁ ነው። ደራሲው አይቸኩሉም። በዛብህ ገና አልተወለደም። ሰብለ ወንጌል ጭራሽ የለችም። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ በአንድ ትንፋሽ የማይወጣ አለ። ርስቱ፣ ጉልቱ፣ ገባሩ፣ ሹመቱ፣ ማን ለማን እንደሚሰግድና ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ሁሉም እንደሚታወቅ ተቆጥሮ ነው የሚተረከው። ገጹ ደግሞ ከአምስት መቶ በላይ ነው። ማታ ከሥራ ገብታችሁ፣ ስልካችሁ እየጮኸ፣ ብቻችሁን እንዴት ትዘልቁታላችሁ?

ክበቡ ያመጣው መላ ቀላል ነው። ቤት አንብቦ መጥቶ መወያየት የሚባል ነገር የለም። እዚያው፣ ጮክ ተብሎ፣ ተራ በተራ ይነበባል። አንድ ሰው አንድ ገጽ ያነባል። ያልገባው እጁን ሲያወጣ ንባቡ ይቆማል። የገባው ያስረዳል። ማንም የማያውቀው ከሆነ ወረቀት ላይ ይሰፍርና ለሳምንት ሰው ተጠይቆ ይመጣል። ከዚያ ቀጣዩ ይቀበላል። የአንደኛ ደረጃ ክፍል ይመስላል። ይምሰል። የሚሠራው እሱ ነው።

ለምን ይሠራል? ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ማስመሰል አይችልም። በዓይን ስታነቡ ያልገባችሁን ዘልላችሁ ታልፋላችሁ፤ ማንም አያያችሁም። በድምፅ ሲሆን ግን የቱ ጋ እንደሚጠብቅ፣ የቱ ጋ እንደሚላላ፣ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ መወሰን አለባችሁ። ያልገባችሁ እንደሆነ ድምፃችሁ ያሳብቃል።

እዚህ ላይ ደራሲው ራሳቸው ያገዙን ነገር አለ። በአማርኛ ጽሑፍ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል አይለይም። «ይበላል» የሚል ስታዩ በልቶ ነው ተበልቶ የሚለውን ከአካባቢው ነው የምትፈርዱት። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ የአማርኛ አጻጻፍ ይሻሻል ብለው የሚሟገቱ ሰው ነበሩ። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አስቀምጠዋል። ከሩቅ ስትታይ የዝንብ ኩስ የምትመስል ነጥብ ናት። ፒዲኤፍ በስልካቸው ይዘው የሚመጡት ልጆች የፎቶ ኮፒ ቆሻሻ መስሏቸው ሲያልፏት ከርመዋል።

ነጥቧ የጠቀመችው ከሁሉም በላይ አንዱን የሶፍትዌር ልጅ ነው። ትምህርቱን ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የጨረሰው። አማርኛ ሲያወራ ቀልደኛ ነው፤ ሲያነብ ግን ይንገዳገዳል። ተራው ሲደርስ ፊቱ ይቀላ ነበር። ነጥቧ ምን እንደምትሠራ ከተነገረው በኋላ ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ነጥብ ያለበት ፊደል ጋ ሲደርስ ጣቱ ትንሽ ትቆማለች። ከንፈሩ ቀድሞ ይሞክረዋል። ከዚያ ጠበቅ አድርጎ ይለዋል። ዙሩ ሊያልቅ ሲል የሰብለ ወንጌልን አባት፣ የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣ ያለ አንድ ስህተት ወጣው፤ ጠረጴዛው በሙሉ አጨበጨበ። ፊታውራሪ ሰምተው ቢሆን ኖሮ ልጁን ያስገርፉት ነበር።

የፊታውራሪን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ወጋየሁ ንጋቱ ለክበቡ በረከትም ፈተናም ነው። በረከትነቱ ግልጽ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ድምፅ ሰጥቶ ነው የተረከው፤ ስንቱን የአማርኛ አንባቢ አስተምሯል። ፈተናው ግን ሁሉም ሰው ወጋየሁን መሆን ያምረዋል። መጀመሪያ ሰሞን ከባንክ ሠራተኛው ጀምሮ ፊታውራሪ ጋ የደረሰ ሁሉ ጉሮሮውን ያወፍራል። ጉዱ ካሳ ጋ የደረሰ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይፈልጋል። ሳቁ ደስ ይላል፤ ጽሑፉ ግን ተረሳ። በኋላ አንዲት ልጅ ተቆጣች። «ወጋየሁን ለወጋየሁ ተዉለት፤ እናንተ የተጻፈውን አንብቡልን» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሕግ ሆነ። ትልቅ ሕግ ነው። በገዛ ድምፃችን ማንበብ ስንጀምር ፊታውራሪ የሚያስቁ ሰው ብቻ ሳይሆኑ የሚያስፈሩ ሰው ሆነው ተገኙ። ባላገሮቹ በአበጀ በለው መሪነት የሚነሱባቸው ምዕራፍ ሲነበብ ክፍሉ ጭጭ አለ።

አባላቱ ብዙ ዓይነት ናቸው። ተማሪ አለ፣ ነርስ አለ፣ ባንከኛ አለ። እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ከሁሉም የምንፈራቸውና የምንወዳቸው ግን አንድ ጡረተኛ አዛውንት ናቸው። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ የኔታ ነው የምንላቸው። «የኔታ አትበሉኝ፣ የኔታ አልደረስኩም» ይላሉ፤ ማን ሰምቷቸው። በዛብህ ቅኔ ለመማር ዲማ ጊዮርጊስ የወረደበት ክፍል ላይ መጽሐፉን ዘግተው መናገር ጀመሩ። ደበሎው እንዴት እንደሚከብድ፣ ዝናብ ሲነካው እንዴት እንደሚሸት። አኮፋዳ አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት። ውሻው። ውሻውን ሲያነሱ እግራቸውን ከወንበሩ ሥር ሰበሰቡ፣ እስከ ዛሬ።

ቅኔውንም አስረዱን። ተማሪው በሁለት ቤት፣ ማለትም በሁለት ስንኝ፣ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ ቤቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ መወድስ ላይ ሲደርስ ስምንት ነው። ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል፤ በልቡ ያበጃል ማለት ነው። ይዞት ይመጣል። መምህሩ ደግሞ በአንድ ቃል ያፈርሱታል። «የሚያፈርሱት እኮ ስለሚጠሉህ አይደለም» አሉ የኔታ፣ «የቆመ ከሆነ ለማየት ነው።» ከዚያ በኋላ በዛብህን ያየነው በሌላ ዓይን ነው። ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ፊታውራሪ ቤት የገባው ልጅ ፊደል ቆጣሪ አይደለም፤ ያንን ሁሉ ያለፈ ሰው ነው። እና ያ ሁሉ እውቀት ከዘር ጋር ሲመዘን እንዴት እንደቀለለ ሲገባችሁ ትናደዳላችሁ። ደራሲው ይሄን ዓለም ከሩቅ አልሰሙትም። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወልደው፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት አልፈው፣ ከዚያ ነው ለዘመናዊው ትምህርት አዲስ አበባ የመጡት።

ለኔ ግን የዙሩ ትልቁ ቀን ስለቱ የተነበበበት ነው። በዛብህ ታማሚ ሕፃን ነው። ወላጆቹ እንዲተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ይሳሉታል። ልጁ ያድጋል፤ ስለቱ ግን አብሮት ያድጋል። በኋላ ሰብለን ሲወድ አንገቱ ላይ የታሰረው እሱ ነው። ሬዲዮ ላይ ስሰማው ይሄ ክፍል እንደ መግቢያ ነገር ነበር የሚያልፈኝ። ክበቡ ውስጥ ግን ንባቡ እዚያ ላይ ቆሞ አልቀጠለም።

የሶፍትዌሩ ልጅ ነው የጀመረው። «ልጁን ማን ጠየቀው?» አለ። «ተሳዩ ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ!» ባንከኛው ሳቀና «ዋስ ሳይጠራ የተፈረመ ብድር ነው» አለ። ግማሹ ሰው ተስማማ።

ነርሷ አልሳቀችም። የሕፃናት ክፍል ነው የምትሠራው። «እናትየዋ ላይ አትፍረዱ» አለች። «ግሉኮስ የተሰካለት ልጅ አልጋ ሥር ተንበርክካ የምትሳል እናት ዛሬም አያለሁ። መድኃኒት እያለ። ያኔ ምን ነበራት?»

«ቢሆንም ልጁ…»

«ያኔ የምትጠይቀው ልጅ አልነበራትም፤ የሚሞትባት ልጅ ነው የነበራት።»

እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። ሽሮፕ ገዝተው፣ አወሳሰዱን በደንብ ጠይቀው፣ ሊወጡ ሲሉ «ለገብርኤልም ጥላ ተስያለሁ» የሚሉኝ ደንበኞች አሉኝ። ሁለቱንም ያምናሉ። አልስቅባቸውም። የኔታ መጨረሻ ላይ «ስለት የሚፈታበት መንገድም እኮ አለ፤ የሚፈታ ሰው ነው የጠፋው» አሉና ነገሩን ወደ ካህናቱ ወሰዱት። ሰዓቱ አለቀ። ደረጃውን ስንወርድም ክርክሩ አልቆመም። ብቻዬን ባነበው ኖሮ ያቺን ገጽ በሁለት ደቂቃ ገልብጫት አልፍ ነበር።

እስኪ አሁን ወደ ወቀሳው።

አንደኛው አስተባባሪያችን ነው። ሥነ ጽሑፍ የተማረ፣ ቅን፣ ሻንጣው ሁሌ መጽሐፍ የተሞላ ልጅ። ግን ይሰብካል። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት የውይይት ነው ተብሎ የተያዘ ነው፤ ውይይቱን ብቻውን ነው የሚያደርገው። ጉዱ ካሳ ጋ ስንደርስማ ባሰበት። ጉዱ ካሳ፣ ካሳ ዳምጤ፣ ዘመዶቹ እብድ የሚሉት፣ የዘመኑን ሥርዓት ቁጭ ብሎ የሚበትን ሰው ነው። ራሱ በቂ ተናጋሪ ነው። ለሱ ንግግር ሌላ ንግግር መጨመር ምን ይባላል?

ፍትሐዊ ልሁንና፣ ከአስተባባሪው ንግግር አንድ ነገር አትርፌያለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው፤ እዚሁ ስድስት ኪሎ። መጽሐፉ የታተመው በ1958። የጻፉት ደግሞ ሸፍተው ጫካ የገቡ ሰው አይደሉም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተዋግተው፣ ተማርከው ጣሊያን አገር የታሰሩ፣ ኋላም በንጉሡ መንግሥት በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ከቤቱ ውስጥ ሆነው ነው ምሰሶውን የነቀነቁት። ይሄን ካወቁ በኋላ የጉዱ ካሳን ንግግር ማንበብ ሌላ ነው። ግን ይሄ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ግማሽ ሰዓት አይፈልግም። በአስተያየት ወረቀቱ ላይ ጽፌያለሁ፤ እንግዲህ እናያለን።

ሁለተኛው ጩኸቱ ነው። ከታች የጁስ መፍጫ አለ። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከቤት የምትወጣበት ክፍል ላይ አንድ ሰው አቮካዶ አዘዘ። ከዚያ ሌላው ማንጎ። አንባቢዋ ምስኪን ሦስቴ ጀመረችው። መብራት ሲጠፋ መፍጫው ዝም ስለሚል፣ በስልክ ባትሪ ያነበብንባቸው ቀናት ከሁሉም የተሻሉ ነበሩ። ካፌው በዚያ ሰዓት መፍጫውን ወደ ጓዳ ቢያስገባው ምን ይጎዳል?

ሦስተኛ ቴሌግራሙ። ለንባብ የተከፈተ ግሩፕ ነው ይባላል። የበዓል ሰሞን የአበባ ሥዕልና «እንኳን አደረሳችሁ» ይሞላዋል፤ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ማስታወቂያ። ቁምነገሩ ከሥር ይቀበራል። ድምፁን አጥፍታችሁ ያዙት፤ ለቀጣዩ ቅዳሜ ስንት ገጽ እንደሆነ ብቻ ዓርብ ማታ ገብታችሁ እዩ።

ወንበሩንም ልጨምር። እንጨት ነው። ለአንድ ማኪያቶ የተሠራ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል መቀመጥ ወገብ ይፈልጋል። የኔታ ትራስ ይዘው ነው የሚመጡት። ብልህ ሰው።

ለማን ይሆናል? መጽሐፉን ጀምሮ ማንኩሳ ላይ ላቆመ ሰው በትክክል ይሆናል። አማርኛ ማንበብ ለሚከብዳቸው፣ ግን ማፈር ለሰለቻቸው ልጆችም ይሆናል፤ እዚያ ማንም አይስቅባችሁም። ጎበዝ ፈጣን አንባቢ ከሆናችሁ ግን ትሰቃያላችሁ። በሳምንት የሚነበበው ጥቂት ገጽ ነው፤ ዙሩ ወራት ይፈጃል። አንዲት ልጅ ቤቷ ሄዳ ጨርሳው መጣችና በየቅዳሜው «ቆይ ገና ምን አያችሁ» እያለች አሰቃየችን። ሁላችንም መጨረሻውን እናውቃለን እኮ! ቢሆንም ያናድዳል። ቅዳሜ ለቅሶና ሠርግ ለሚበዛበት ሰው ደግሞ ይከብዳል፤ የቀራችሁበትን ገጽ ማንም አይደግምላችሁም።

መጽሐፉን ስትገዙ አንድ ምክር አለኝ። ከመክፈላችሁ በፊት መሀሉን ገልጣችሁ ኅትመቱን እዩ። ነጥቦቹ ጥርት ብለው የሚታዩበትን ምረጡ። ጥራዙንም ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹት፤ የኔ ቅጂ ግማሽ ላይ ስደርስ ገጹ እየረገፈ በላስቲክ አስሬ ነው የጨረስኩት። የደከመ ቅጂ ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ ማንበብ ዓይንን ይጨርሳል።

ለቀጣዩ ዙር ድምፅ እየተሰጠ ነው። ግማሹ ሰው ከሩሲያኛ የተተረጎመ ልቦለድ ይፈልጋል። የኔታና እኔ ግን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ነው የመረጥነው። የ1962 መጽሐፍ ነው፤ ከአማርኛ ልቦለዶች ከባዱ እሱ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ብቻዬን አልሞክረውም። ምርጫው እስከ ዓርብ ማታ ክፍት ነው፤ ገብታችሁ ከኛ ጋር ብትሆኑ ደስ ይለኛል። የሩሲያውያኑ ቡድን በሁለት ድምፅ እየመራን ነው።